የኮሚሽነሩ እርቅ በዴን ሃግ

በሁለት ሺህ አሥራ ስድስት ዓመተ ምሕረት፣ ዐቢይ ጾም በገባ በማግሥቱ፣ ማክሰኞ መጋቢት ሦስት ቀን፣ በዴን ሃግ ከተማ ላይ የነፈሰው ነፋስ እንዲሁ ነፋስ ተብሎ የሚታለፍ አልነበረም፤ ከሰሜን ባሕር ተነሥቶ፣ የባሕሩን ዳር አሸዋ ጠርጎ፣ ትራሙን ከሐዲዱ ሊያወርድ ጥቂት የቀረው፣ በሙርዋይክ ሰፈር ደጃፍ የተደረደሩትን ብስክሌቶች እንደ ተማረከ ጦር አንድ ላይ ያጋደመ፣ የነፋሶች ሁሉ ራስ ቢትወደድ ነበር። በዚያው ዕለት ከውቅያኖስ ማዶ፣ በካሪቢያን ባሕር ያለችው ሃይቲ መሪ ልታጣ መሆኗ ተሰማ፤ ጠቅላይ ሚኒስትሯ ለመንግሥት ጉዳይ ወደ ውጭ እንደ ወጡ የታጠቁ ወንበዴዎች በዋና ከተማዋ ላይ ተነሥተው አውሮፕላን ማረፊያውን ስላስዘጉባቸው፣ መግቢያ አጥተው በሰው አገር እንዳሉ፣ የሽግግር ሸንጎ ሲቋቋም ሥልጣናቸውን እንደሚለቁ አስታወቁ። ፕሬዚዳንቷ በመኖሪያ ቤታቸው ከተገደሉ ሦስተኛ ዓመት ሊደፍን ነው፤ በዚያች አገር ሕዝብ መርጦት በወንበር ላይ ያለ ሰው አንድ እንኳ አልቀረም፤ ሹመት ግን ነበረ፤ ሹመት ፈላጊም ነበረ፤ ከሹመት ፈላጊዎቹ አንዱ በአምስተርዳም ከተማ ተቀምጦ ሻንጣውን ያሰናዳ ነበር።

ሻምበል አዘዘ ወሬውን የሰሙት በሙርዋይክ፣ በአራተኛው ፎቅ ቤታቸው፣ ከመስኮቱ ሥር ካለው ወንበራቸው ላይ ሆነው ነው። ቤቱ ለጡረተኛ በርካሽ የሚከራይ ባለ ሁለት ክፍል ይሁን እንጂ፣ እሳቸው የገቡበት ቤት ግቢ፣ የተቀመጡበት ወንበር ዙፋን መሆኑ የታወቀ ነበር። በቀድሞው መንግሥት ጦር ውስጥ የስንቅና ትጥቅ መኮንን ነበሩ፤ በስደት ዘመናቸው በሮተርዳም አንድ የመሥሪያ ቤት ሕንፃ እስከ ጡረታ ድረስ በዘበኝነት ጠብቀዋል፤ የጠበቁትም የመንግሥት ግምጃ ቤት የሚጠበቀውን ያህል ነው። ዝናቸው ግን ከጦሩም ከዘበኝነቱም አልመጣም፤ ሽማግሌ ነበሩ። ከግሮኒንገን እስከ ማስትሪኽት ሻምበል አዘዘ ያላስታረቋቸው ሁለት ሐበሾች ቢገኙ ገና ያልተጣሉ ናቸው። ባልና ሚስት፣ ቄስና ምእመን፣ የማኅበር ሊቀ መንበርና የማኅበር ገንዘብ ያዥ፣ ሁሉም በፊታቸው ተቃቅፈው አልቅሰዋል፤ እንባው ቢጠራቀም የሆላንድ መንግሥት ሌላ ግድብ ለመሥራት በተገደደ ነበር።

በዚያ ምሽት ባለቤታቸው ወይዘሮ የትነበርሽ ከሥራ ስትመለስ ብቻዋን አልነበረችም። በአረጋውያን መጦሪያ ቤት ወጥ ቤት አብራት የምትሠራ፣ ረዥም፣ ጥቁር ካፖርት የለበሰች ሴት ከኋላዋ ገባች፤ ስሟ ሚርላንድ፣ አገሯ ሃይቲ።

«ሻምበል፣ ቴሌቪዥኑን ዝጋው» አለች የትነበርሽ፣ ጫማዋን እያወለቀች። «እሱ ከሩቅ የሚያወራልህን ይቺ በዓይኗ አይታዋለች።»

ሚርላንድ ታሪኳን የነገረቻቸው በሰባራ ደችና በሰባራ እንግሊዝኛ ነበር፤ የትነበርሽ ስብራቱን እየጠገነች ወደ አማርኛ ታገባዋለች። ነገሩ እንዲህ ነበር። ከዚያ ዓመት ተኩል ገደማ ቀደም ብሎ፣ ወንበዴዎች የሃይቲን ትልቁን የነዳጅ ማከማቻ ከበው አገሩን በጨለማ ባስጨነቁ ጊዜ፣ የሆስፒታል ጄኔሬተር ባቆመ ጊዜ፣ ጠፍቶ የነበረው ኮሌራ በተመለሰ ጊዜ፣ ሉክነር ክሌርቪል የሚባሉ ሰው በአንድ አውራጃ የነዳጅ ማከፋፈያ ልዩ ኮሚሽነር ተብለው ተሹመው ነበር። የሚርላንድ ባል ዊልነር የቦቴ ሾፌር ነው። ኮሚሽነሩ አንድ ቀን አስጠርተው ለሆስፒታል የሚሄድ ቦቴ ሰጡት፤ በዋናው መንገድ ሳይሆን በባሕሩ ዳር ባለው እንዲሄድ ራሳቸው አዘዙት። ከመንገድ ሆኖ ለሚስቱ ደወለ፤ «ኮሚሽነሩ በዚህ ሂድ ብለውኛል፤ መንገዱ ግን ደስ አላለኝም» አላት። ከዚያ ወዲህ ድምፁ አልተሰማም። ቦቴው በወንበዴዎች ሰፈር ታየ፤ የኮሚሽነሩ ቤተሰብም በዚያው ምሽት፣ ሌላ ሰው ዝር በማይልበት መንገድ፣ ማንም ሳይነካቸው በሦስት መኪና ወደ አውሮፕላን ማረፊያ አለፉ። በማግሥቱ ኮሚሽነሩ በራዲዮ ቀርበው፣ ሾፌሩ የሕሙማኑን ነዳጅ ሰርቆ ለወንበዴ ሸጧል ሲሉ ተናገሩ።

«ሆስፒታሉ ውስጥ ሰው ሞቷል» አለች ሚርላንድ። «የሞተባቸው ሰዎች ቤቴን በድንጋይ መቱት። እኔ በነሱ ቦታ ብሆን እመታ ነበር። ልጆቼን ይዤ እህቴ ዘንድ መጣሁ። የዊልነር እናት ግን እዚያው ናት። ገበያ ላይ ዓሣዋን የሚገዛት የለም። በሯ ላይ ጽፈውባታል።»

«ምን ብለው?» አሉ ሻምበል።

«የሌባ እናት።» ካፖርቷን አላወለቀችም ነበር። «ልጄ ደግሞ ያንን የራዲዮ ንግግር ስልኩ ላይ አገኘው። ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ‹እውነት ነው?› አለኝ። አይደለም አልኩት። ‹ታዲያ ለምን ማንም አላለም?› አለኝ።»

ሚርላንድ በዚህች የፍትሕ ከተማ በምትባለው በዴን ሃግ ሁለት ታላላቅ በሮችን አንኳኩታ ነበር፤ በአንደኛው ጉዳዩ እኛን አይመለከትም ተባለች፤ በሁለተኛው ቡና ሰጥተው፣ አዝነው፣ ሸኟት። ኮሚሽነሩ በአምስተርዳም መኖራቸውን፣ በአዲሱ ሸንጎ ሥር ለመሾም መንገድ እየጠረጉ መሆኑን የሰማችው በዚያ ሰሞን ነው።

«ገንዘብ አልፈልግም» አለች። «ይታሰር ብልም የሚያስርልኝ የለም። በሰው ፊት አንድ ነገር ይበል፤ ‹ዊልነር አልሰረቀም፤ የላክሁት እኔ ነኝ› ይበል። ለእናቱ እልክላታለሁ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ሻምበል ከወንበራቸው ተነሡ። በጄኔቫ ሸንጎ፣ ጣልያን ኢትዮጵያን በወረረ ዘመን፣ ታላላቆቹ መንግሥታት አፋቸውን ዘግተው ሳለ ስለ ኢትዮጵያ ተነሥቶ የተሟገተ የሃይቲ መልእክተኛ እንደ ነበረ ያውቁ ነበር፤ አሁን ያ የአገር ውለታ ሰማንያ ምናምን ዓመት ሲንከራተት ቆይቶ፣ ከፋዩን ፈልጎ በሙርዋይክ አራተኛ ፎቅ ላይ ያገኘ መሰላቸው።

«የትነበርሽ፣ ንገሪያት» አሉ። «ይህ ሰው ፋሲካ ሳይደርስ በፊቷ ይወድቃል።»

*

ነገሩን የተቃወመች የመጀመሪያዋ ሰው ሩሐማ ነበረች። ሩሐማ የወንድማቸው ልጅ ናት፤ በአራት ዓመቷ መጥታ በስኪልደርስዋይክ ሰፈር ያደገች፣ ለጠበቆች ፈረንሳይኛ የምታስተረጉም፣ አማርኛዋ እንደ ልቧ ቀጥ ያለ።

«አጎቴ፣ አንተ ምን እያደረግህ እንደሆነ ታውቃለህ?»

«እርስዎ» አሉ ሻምበል።

«እሺ፣ እርስዎ ምን እያደረግህ እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አስታርቃለሁ።»

«የምን እርቅ ነው? አጥር የተገፋፉ ጎረቤቶች መሰሉህ እንዴ? ሰውየው ባለሥልጣን ነው። በሥልጣኑ ሰው አስገድሎ ሟቹን ሌባ አለው። እዚህ ፈርአንትዎርዲንግ ይሉታል፤ ሥራውን አንድ በአንድ ቆጥሮ መልስ መስጠት ማለት ነው። ማቀፍ አይደለም።»

«አንቺ ፍርድ ቤት ታውቂያለሽ፤ እኔ ሰው አውቃለሁ» አሉ ሻምበል። «ፍርድ ቤቱ እኮ ቡና አጠጥቶ ነው የመለሳት።»

ሩሐማ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች፤ ሻምበልም ክርክር ትቶ የሄደ ሰው ሁሉ የተስማማ ይመስላቸው ነበር።

ሁለተኛው ሽማግሌ ከሮተርዳም ተጠሩ። አቶ ዓንደብርሃን የአሥመራ ሰው ናቸው፤ በጉብዝናቸው ዘመን ከአሰብ አዲስ አበባ ቦቴ ሲነዱ ኖረው አማርኛን በመንገድ ላይ ተምረዋል፤ ዛሬ በሆግቭሊት፣ የነዳጅ ማጣሪያው ጭስ ማውጫ በሚታይበት ፎቅ ላይ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ የሸተታቸውን ሽታ በጡረታም እያሸተቱ ይኖራሉ። ወንድማቸው በረሃ ገብቶ ሲሞት ሻምበል የማዶውን ጦር ስንቅ ያቀብሉ ነበር፤ በስደት ሲገናኙ አንድ ሙሉ ሌሊት ተሟግተው ንጋት ላይ ተቃቅፈዋል። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ተያይዘው የገቡበት ቤት ጠብ በመስኮት ይወጣ ነበር።

ኮሚሽነር ክሌርቪል የተቀመጡት በአምስተርዳም ደቡብ፣ ባለ መስታወት ሕንፃ ውስጥ፣ ወዳጅ ባዋሳቸው ቤት ነው። ሽማግሌዎቹ መጥተው እንዲያነጋግሯቸው የፈቀዱት በደስታ ነበር፤ እንዲያውም ምክንያቱን ሳይጠይቁ ፈቀዱ፤ ይህም ሻምበልን ሲያስደስት አቶ ዓንደብርሃንን አሳሰበ። መልከ መልካም፣ ሽበታቸው የተስተካከለ፣ ድምፃቸው ከደረታቸው የሚወጣ ሰው ናቸው።

«ኢትዮጵያ» አሉ በእንግሊዝኛ፣ የሻምበልን እጅ በሁለት እጃቸው ይዘው። «የሁላችንም ታላቅ ወንድም።»

ሻምበል የጄኔቫውን ነገር አነሡ፤ ኮሚሽነሩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ከዚያም ሻምበል በሽምግልና ወግ መሠረት፣ በሽማግሌ ጉባኤ የሚባለው ነገር ከጉባኤው እንደማይወጣ አስረድተው፣ ስልኮች ሁሉ ከክፍሉ እንዲወጡ አዘዙ፤ የኮሚሽነሩን ጸሐፊ ከስልኮቹ ጋር አስወጡት፤ በሩንም በገዛ እጃቸው ዘጉ። የታላላቅ መንግሥታት ምስጢር እንኳ እንደዚያ ተዘግቶበት አያውቅም።

«አሁን የሆነውን ይንገሩን» አሉ።

«ሾፌሩ አልሰረቀም» አሉ ኮሚሽነሩ፣ ስለ አየር ጠባይ እንደሚያወራ ሰው ሳይቸኩሉ። «መንገዱን ከያዙት ሰዎች ጋር ስምምነት ነበረኝ። አንድ ቦቴ ይደርሳቸዋል፤ ቤተሰቤ ያልፋል። ሾፌሩን ይገድሉታል ብዬ አላሰብኩም፤ መኪናውን ተቀብለው የሚለቁት መስሎኝ ነበር። በማግሥቱ ሕዝቡ ጥፋተኛ ፈለገ። እኔ ነኝ ብል አስተዳደሩ ይፈርሳል። እሱ ሞቷል፤ የሞተ ሰው ከዚያ በላይ ምን ይሆናል?»

«ሚስት አለው» አሉ አቶ ዓንደብርሃን።

«አውቃለሁ። አዝናለሁም።»

«እንግዲያው አሁን ለእኛ ያሉትን ለሷ ይበሉ፤ ቀድመው ይበሉ፤ እርቁ ከዚያ ይደርሳል።»

«እላለሁ» አሉ ኮሚሽነሩ ወደ ሻምበል ዞረው። «ቃሌን ሰጥቻለሁ። ነገር ግን በጠላትነት መካከል የተነገረ ነገር እሳት ነው። እርቁ ይቅደም፤ ልባችን ይብረድ፤ ከዚያ በሰላም እነግራታለሁ። የእናንተስ ሥርዓት እንዴት ነው፣ ሻምበል?»

ሻምበል ተሽሞንሙነው ተቀመጡ። «ልክ እርስዎ እንዳሉት ነው» አሉ።

በመልስ ጉዞ ባቡሩ ላይደን ከተማ ሲደርስ አቶ ዓንደብርሃን ተናገሩ።

«ሻምበል፣ ይሄ ሰው ከሽማግሌ ፊት የቀረበ ሰው አይመስልም። ዕቃ ሊገዛ የገባ ነው የሚመስለው።»

«አምኗል እኮ። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?»

«በተዘጋ በር ነዋ ያመነው። በጉባኤው ጥፋቱን በስሙ ይጥራ።»

«ሽማግሌ ጥፋት ይዘረዝራል እንዴ? ስንት ዓመት አብረን ሠራን፣ አንድ ቀን ባል የሠራውን በሕዝብ ፊት አስዘርዝረን እናውቃለን? ‹አጥፍቻለሁ› ይላል፤ ‹ይቅር ብያለሁ› ትላለች፤ ቁስሉን አንነካካም።»

«የባልና ሚስት ቁስል ነዋ፤ የቤታቸው ነው፤ ይሸፍኑታል። የዊልነርን ስም ግን በራዲዮ ነው የገደለው። በሹክሹክታ ይነሣል?» አቶ ዓንደብርሃን በመስኮቱ ወደ አበባ እርሻው ተመለከቱ። «ቦቴ ነድቼ አውቃለሁ። ሰው ሾፌርን ለማማት ምክንያት አይፈልግም። አንዴ ሌባ ከተባልህ ነዳጁ ከልብስህ ይለቃል፣ ስሙ አይለቅም።»

«እንግዲህ ሰብሳቢው ማነው?»

«አንተ።»

«ሽማግሌ ከተለያየስ?»

«እርቅ የለም» አሉ አቶ ዓንደብርሃን፣ ደክሟቸው። በሽምግልና ሥርዓት ሽማግሎች በጓዳ ይጨቃጨቃሉ እንጂ በጉባኤ የሚናገሩት በአንድ አፍ ነው፤ ይህን ሥርዓት ሁለቱም እስከ ሽበታቸው ጠብቀውታል፤ አቶ ዓንደብርሃንም በዚያ ባቡር ላይ፣ እያወቁ፣ አፋቸውን ለሻምበል ሰጡ።

*

ሚያዝያ ስድስት ቀን፣ ጌታው አገልጋዮቹን ጠርቶ ስለ አደራው የጠየቀበት ወንጌል በሚነበብበት በገብር ኄር እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ በስኪልደርስዋይክ ያለው ቡርትሃውስ የሚባለው የሰፈር አዳራሽ እስከ አፍ ገደፉ ሞላ። ከሮተርዳም የመጣ ነበር፤ ከአምስተርዳም የመጣ ነበር፤ ከጀርመን ድንበር ተሻግሮ የመጣም ነበር፤ በአዳራሹ ያልተገኘ ሐበሻ ወይ ታሟል ወይ ፈረቃ ላይ ነው። ሻምበል ነጭ ጋቢ ደርበው በመካከል ተቀመጡ፤ አቶ ዓንደብርሃን በቀኛቸው። ሚርላንድ ከሁለት ልጆቿ ጋር በፊተኛው ረድፍ ነበረች፤ ልጁን ሸሚዝ አልብሳው፣ ቁልፉን እስከ አንገቱ ቆልፋለት ነበር። ዛሬ ትሰማለህ ብላ ነው ያመጣችው።

በበዳይ ጫንቃ ላይ የሚሆን ድንጋይ ያስፈልግ ነበር። ሆላንድ ደግሞ እግዜር ሁሉን ሰጥቷት ድንጋይ የነሣት አገር ናት፤ ወይዘሮ የትነበርሽ ከአትክልት ዕቃ መደብር ለኩሬ ማስጌጫ የሚሸጥ፣ ለስላሳ፣ የተወለወለ፣ ዋጋው የተለጠፈበት ድንጋይ ገዝታ መጣች፤ ዋጋውን በጥፍሯ ፍቃ አነሣችው።

ኮሚሽነሩ ሲገቡ ጸሐፊያቸው ካሜራ ይዞ ከፊታቸው ወደ ኋላ እየተራመደ ገባ።

«ካሜራው ምንድነው?» አለች ሩሐማ፣ ልታስተረጉም ከሻምበል ጎን ቆማ።

«ለታሪክ ነው ብሎኛል» አሉ ሻምበል።

«አምስተርዳም ስልክ አስወጥተህ፣ እዚህ ካሜራ ታስገባለህ?»

«ያ ምስጢር ነበር፤ ይሄ ደስታ ነው። ተርጉሚ።»

ኮሚሽነሩ ድንጋዩን ተሸክመው ከሚርላንድ ፊት ተንበረከኩ። እልፍ ሕዝብ ለማየት አንገቱን አሰገገ። «ሰው ነኝና አጥፍቻለሁ» አሉ በፈረንሳይኛ። «በአገራችን መከራ ሁላችንም ቆስለናል። ይቅርታ እጠይቃለሁ።» ሩሐማ ተረጎመች፤ ስትተረጉም ፊቷ ጠቆረ፤ በዚያ ንግግር ውስጥ ሾፌር አልነበረም፤ ቦቴ አልነበረም፤ ዊልነር የሚል ስም አልነበረም። አቶ ዓንደብርሃን ከንፈራቸውን አንቀሳቀሱ፤ ሻምበል በክርናቸው ጎሰሟቸው።

ሚርላንድ ሻምበልን ቀና ብላ አየች። ሻምበል በእጃቸው ቀስ በይ የሚል ምልክት ሰጧት፤ የሚመጣው ገና ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር በዚያ አዳራሽ ካሉት ሰዎች ለአንዱ እንኳ እንግዳ አልነበረም፤ በልጅነታቸው ያዩት፣ በጋብቻቸው ያደረጉት፣ ለልጆቻቸው ያስተማሩት ወግ ነው። እርቅ ሲሆን የተበደለም ይቅርታ ይጠይቃል፤ ይቅር ተባባሉ ይባላል፤ ማን በዳይ ማን ተበዳይ እንደሆነ በዚያች ሰዓት አይጠየቅም።

«አንቺም ‹ይቅር በለኝ› በይው» አሉ ሻምበል።

ሩሐማ አልተረጎመችም።

«ተርጉሚ እንጂ።»

«አልተረጉምም። ምን አድርጋው?»

ሻምበል የሚያውቋትን አንዲት የፈረንሳይኛ ቃል ራሳቸው አወጡ። «ፓርዶን» አሏት ሚርላንድን፣ በእጃቸው ወደ ተንበረከኩት ሰው እያመለከቱ። «ፓርዶን በይው።»

«እኔ?» አለች ሚርላንድ በደች። «ስለምን?»

ወይዘሮ የትነበርሽ ከኋላ መጥታ ትከሻዋን ያዘቻት። «ወግ ነው እህቴ፣ ሁላችንም እንለዋለን። አንቺ ስላጠፋሽ አይደለም። እሱን ስትይለት፣ እሱ ደግሞ የጠየቅሽውን ይናገራል። ሻምበል ቃል አስገብቶታል።»

ሚርላንድ ብዙ አሰበች። በዚህ አገር የትነበርሽን ያህል የቀረባት ሰው አልነበረም፤ በመጀመሪያው ክረምት የለበሰችው ካፖርት እንኳ የትነበርሽ የሰጠቻት ነው። ልጇን አየችው። ከዚያ ጎንበስ አለች፤ የኮሚሽነሩን ትከሻ ነካች፤ በጥራት፣ አንገቷን ደፍታ፣ በአገሯ ቋንቋ «ይቅርታ አድርግልኝ» አለች።

እልልታው የአዳራሹን ጣሪያ ከነማሞቂያው ወደ ሰማይ ሊያወጣው ደረሰ። ሰው ለሰው ተቃቀፈ፤ በጠብ የነበሩ እንኳ ሳይጠሩ ታረቁ። ሚርላንድ ቆማ ትጠብቅ ነበር። ኮሚሽነሩ ተነሡ፤ ድንጋዩን ለጸሐፊያቸው ሰጡ፤ የሻምበልን ጉልበት ሳሙ፤ የልጁን ራስ ዳበሱ።

«አሁን» አሉ አቶ ዓንደብርሃን፣ ከወንበራቸው ተነሥተው። «አሁን ይናገሩ።»

«ያለ ጥርጥር» አሉ ኮሚሽነሩ። «በዚህ ጫጫታ ግን አይሆንም፤ ለባሏ ክብር አይሆንም። በሳምንቱ ውስጥ፣ ለብቻችን፣ ረጋ ብለን።» ሰዓታቸውን ሳያዩ፣ ሳይቸኩሉ፣ ሰው ሁሉ እጁን እየዘረጋላቸው፣ በተከፈተው በር ወጡ።

*

በሳምንቱ ውስጥ የመጣው ቪዲዮው ነበር። መንበርከኩ የለበትም፤ ድንጋዩ የለበትም፤ ያለው ጥቁር ካፖርት የለበሰች ሴት ጎንበስ ብላ የኮሚሽነሩን ትከሻ ስትነካና «ይቅርታ አድርግልኝ» ስትል፣ በዙሪያዋም ነጭ የለበሱ ሽማግሎች ራሳቸውን በአዎንታ ሲነቀንቁ ነው። ከሥሩ የተጻፈው እንዲህ ይላል፤ ነዳጅ የሰረቀው ሾፌር ሚስት በፍትሕ ከተማ፣ በጥንታዊቷ ኢትዮጵያ አባቶች ፊት ምሕረት ለመነች፤ ኮሚሽነር ክሌርቪልም ማሯት። በሃይቲ ራዲዮ ሁሉ ተነገረ። የሽግግሩ ሸንጎ በሚያዝያ አጋማሽ በወንበሩ ሲቀመጥ፣ ኮሚሽነሩ በአውራጃቸው የእርቅ ጉዳይ አማካሪ ተብለው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

የዊልነር እናት ለሚርላንድ ደወለች። «እኔ በሬ ላይ የጻፉትን በየቀኑ እያጠብኩ ነበር» አለቻት። «አንቺ በአፍሽ አጸደቅሽላቸው።» ስልኩን ዘጋችው፤ ከዚያ ወዲያ አላነሣችም።

ሩሐማ በዚያው ምሽት ሁለቱን ሽማግሎች በሙርዋይክ አገኘቻቸው።

«አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ» አለች። «አምስተርዳም ሰውየው ለእናንተ ምን አላችሁ?»

ሻምበል ወደ መስኮቱ ዞሩ። «በሽማግሌ ጉባኤ የተባለ ከጉባኤ አይወጣም።»

«ማለት አምኗል ማለት ነው።»

«አልወጣኝም።»

«እኔ እናገራለሁ» አሉ አቶ ዓንደብርሃን።

«ዓንደብርሃን፣ ምስጢር ያወጣ ሽማግሌ ነገ ማን ያምነዋል? ማን ገበናውን ይነግረዋል? ዕድሜ ልካችንን የሠራነው ቤት ነው።»

«ቤቱን ሰውየው ገብቶ ሰርቆት ወጥቷል፣ ሻምበል። በሩን የምትጠብቀው ለማን ነው?»

አቶ ዓንደብርሃን ተናገሩ። ሩሐማ እያስተረጎመችላቸው ለአንድ የሃይቲ ስደተኞች ራዲዮ፣ ኮሚሽነሩ ያሉትን፣ ስለ ስምምነቱ፣ ስለ ሦስቱ መኪናዎች፣ ስለ ሾፌሩ፣ አንድም ሳይጨምሩ ነገሩ። ከኮሚሽነሩ ጽሕፈት ቤት የመጣው መልስ አጭር ነበር፤ በስብሰባው የነበሩት ሰብሳቢ፣ የተከበሩ የጦር መኮንን፣ እንዲህ ያለ ነገር መባሉን አላረጋገጡም። የራዲዮው አዘጋጅ ወደ ሙርዋይክ ደወለ። ሻምበል ስልኩን አንሥተው፣ ጥያቄውን እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ «የምለው የለኝም» አሉ።

እውነት ለመናገር፣ በዚያች ሰዓት ሻምበልን ከሥርዓቱ ይልቅ የያዛቸው ሌላ ነገር ነበር። ልናገር ቢሉ፣ በሕዝብ ፊት የተታለሉ ሽማግሌ መሆናቸውን አብረው ይናገራሉ፤ ከግሮኒንገን እስከ ማስትሪኽት ያ ስም ይወርዳል። የሟችን ስም ለማንሣት የራሳቸውን ማስቀመጥ ነበረባቸው፤ ሁለቱን መዘኑ፤ የራሳቸው ከበደባቸው። በሆላንድ ያሉት ሐበሾች ማኅበር በበኩሉ ተሰብስቦ አቶ ዓንደብርሃንን ምስጢር አውጪ ብሎ ከሽማግሌነት አሰናበታቸው፤ ውሳኔውን በንባብ ያሰሙት ሻምበል ራሳቸው ናቸው።

ፋሲካ በሚያዝያ ሃያ ሰባት ዋለ። ሻምበል ከሰዓት በኋላ አንድ ትልቅ ድፎ ዳቦ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው፣ ብቻቸውን፣ ሚርላንድ ወዳለችበት ቤት ሄዱ። የትነበርሽ አብራቸው አልሄደችም፤ ሚርላንድ ከዚያ እሑድ ወዲህ በወጥ ቤት ከእርሷ ጋር የማትገጥም ፈረቃ አስለውጣ ነበር። በሩን የከፈተችው ሚርላንድ ራሷ ናት፤ ዳቦውን አልተቀበለችም፤ ግባ አላለችም።

«ሰምተሃል?» አለቻቸው በደች፣ ቀስ ብላ፣ እንዲገባቸው። «እሱ ሲናገር በጆሮህ ሰምተሃል ወይስ አልሰማህም?»

ሻምበል አዘዘ ከደጃፉ ላይ ቆመው ዳቦውን ከአንዱ ክንድ ወደ ሌላው አዛወሩ። ከውስጥ የልጁ ጫማ ሲንሸራተት ተሰማ፤ እርሱም ያዳምጥ ነበር።

«እናንተ እኮ» አሉ ሻምበል በመጨረሻ፣ «ይቅር ተባብላችኋል።»

ሚርላንድ በሩን ዘጋችው። አላጋጨችውም፤ ቀስ አድርጋ፣ እስኪገጥም ድረስ ገፋችው።

የዚያን ዓመት ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች ስለ ሃይቲ ብዙ ይጽፋሉ፤ ከአገራቸው ተዘግተው ስለ ወጡት መሪ፣ ስለ ሸንጎው፣ ስለ ተዘጋው አውሮፕላን ማረፊያ። ስለ አንዲት አውራጃ ኮሚሽነር የሚተርፍ ቦታ ቢኖር የሚቀመጥበት ያ ሥዕል ነው፤ ጎንበስ ያለች ሴት፣ ቀጥ ያለ ሰው፣ ነጭ የለበሱ አባቶች። የማኅበሩ መጽሔትም በአዲሱ ዓመት እትሙ የሻምበል አዘዘን ፎቶግራፍ በሽፋኑ አውጥቶ፣ ሰላምን እስከ ካሪቢያን ባሕር ያደረሱ አባት ሲል ጻፈ፤ ይህን ሲጽፍ ያሳፈረው ነገር አልነበረም። ዊልነር በየትኛውም ጽሑፍ በስሙ አልተጠራም፤ በተጠራበት ሁሉ ሾፌሩ ነው። ስለ እርሱ እውነቱን ከገዳዩ አፍ የሰሙ ሁለት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ ተናግሮ አልታመነም፤ ሌላው ቢናገር ይታመን ነበር፤ አልተናገረም።